ከጅማ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የቡድን ጉዞ፦ ከመኪናው ሳይሆን ከጀልባው ጀምሩ

ከጅማ ዝዋይ ድረስ ሄደው ደሴቶቹን ከዳር ሆነው ብቻ አይተው የሚመለሱ ቡድኖች ብዙ ናቸው። አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ መኪና ይያዛል፣ ከዚያ ቀን ይቆረጣል፣ ብር ይሰበሰባል፤ ጀልባው ግን "እዚያው ስንደርስ አይጠፋም" ተብሎ ይተዋል። ቡድኑ ከቀትር በኋላ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ነፋሱ ተነስቷል፣ ከጀልባዎቹ የሚበዙት ሌላ ሰው ይዟቸዋል፣ የቀረው አንዱ ሞተሩ ተፈቷል። ያኔ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ አንድ ጀልባ ላይ ተጠቅጥቆ መሄድ ወይም ዓሣ በልቶ መመለስ።

እዚህ የተጻፈው ቅደም ተከተል ተገላቢጦሽ ነው፦ ጀልባ፣ አልጋ፣ መኪና፣ ገንዘብ። ደረጃ አትዝለሉ። አንዱ ካልተሳካ ቀጣዩን አትጀምሩ።

ደረጃ 1፦ የሰው ብዛትና ቀን

1. ቡድኑን ከ28 ሰው አታሳልፉ። ይህን ያህል ሰው አንድ ኮስተር ይይዛል። ከዚያ ከበለጠ ትልቅ አውቶቡስ ያስፈልጋል፤ አውቶቡሱ ራሱ ችግር የለውም፣ ችግሩ ሐይቁ ላይ ለ45 ሰው የሚበቃ ደህና ጀልባ በአንድ ጠዋት ማግኘት ነው።

2. አራት ቀን መድቡ። ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ባቱ (ዝዋይ) ደግሞ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ ቀን ለደሴቱ፣ አንድ ቀን ለመመለሻ ይሄዳል። አራተኛው መጠባበቂያ ነው። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚቆርጠው ይህን ቀን ነው፤ ነፋስ በበረታበት ጠዋት ጉዞውን የሚያድነውም እሱ ነው። በሦስት ቀን ካልሆነ የሚል ቡድን ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያቆየው።

3. ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀን ምረጡ። ጅማ ዝናቡ ቶሎ ስለማያባራ መስከረምና ጥቅምትን አትመኑ፤ መንገዱም ያንሸራትታል።

4. ኅዳር 21ን ለይታችሁ አስቡበት። የጽዮን ማርያም በዓል በቱሉ ጉዶ ስለሚከበር ተሳላሚ ይበዛል። ለንግሥ የምትሄዱ ከሆነ ሁሉን ነገር ከሁለት ወር በፊት ያዙ። ለመዝናናት ከሆነ ያን ሳምንት ተዉት።

5. እንደ አብዛኛው የጅማ ቡድን ሙስሊምና ክርስቲያን የተቀላቀለበት ከሆነ፣ የጀልባው ቀን ዓርብ አይሁን። የሚመቸው አሰላለፍ ይህ ነው፦ ዓርብ መነሳት፣ ቅዳሜ ደሴት፣ እሁድ መጠባበቂያ፣ ሰኞ መመለስ። ዓርብ ለሚደረገው ጉዞ የጁምዓ ሰዓት ከታች ተካቷል።

6. ጀልባ ላይ የማይወጣውን ሰው ጅማ ሆናችሁ ለዩ። ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ የታቀፈች እናት፣ ሚዛኑን መጠበቅ የሚከብደው አዛውንት ባቱ ይቆዩ። እዚያው ወደቡ ላይ ሲነገራቸው ቅሬታ ይሆናል፤ ጅማ ላይ ሲነገር ግን ምክር ነው።

ደረጃ 2፦ ጀልባ

ቀኑን ለሰው ከመናገራችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

1. የትኛውን ደሴት እንደምትፈልጉ ወስኑ። ሐይቁ ላይ አምስት ዋና ዋና ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ከባቱ በሞተር ጀልባ እንደ ሞተሩ ጉልበት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ጠዋቱን ሙሉ ይበላል። ገሊላና ደብረ ሲና ለከተማዋ ስለሚቀርቡ ለአጭር ጉዞ ይሆናሉ። አምስቱንም በአንድ ቀን እናዳርሳለን አትበሉ። ቱሉ ጉዶን ብቻ፣ ወይም ሁለቱን ቅርቦች ምረጡ።

2. ቢቻል አንድ ሰው ቀድሞ ባቱ ሄዶ በዓይኑ ይይ። ካልተቻለ ባቱ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይሂድላችሁ። በስልክ ብቻ የተያዘ ጀልባ እንዳልተያዘ ቁጠሩት።

3. የሚሄደው ሰው እነዚህን ይጠይቅ፦
 - ጀልባው ስንት ሰው ይጭናል? ባለቤቱ 15 ካለ እናንተ 12 ያዙ።
 - ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት አለ? "አለ" የሚለው መልስ አይበቃም፤ ወጥቶ ይቆጠር፣ መቆለፊያው ይሞከር። ለልጆች የሚሆን ትንሽ መጠን ከሌለ ልጆች አይሄዱም።
 - መጠባበቂያ ነዳጅና መቅዘፊያ ይይዛል?
 - ነዳጁ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው?
 - ደሴቱ ላይ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? መጠበቂያው ይከፈልበታል?

4. የመነሻ ሰዓቱን አስረግጡ፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይበረታል። ዝዋይ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ የሆነ ሰፊ ሐይቅ ስለሆነ ነፋስ ሲነካው አጭርና ቁጡ ማዕበል ያነሳል። ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ባቱ ወደብ ተመልሳችሁ መሆን አለባችሁ።

5. ቀብድ ስጡ፤ ከሩብ ግን አይብለጥ። ስም፣ ቀን፣ የሰው ብዛት፣ የመነሻ ሰዓትና "ነፋስ ከበረታ በማግስቱ" የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ተፈራረሙ። ይህ የመጨረሻው ቃል ካልተጻፈ ጀልባው እሁድ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

*ካልተሳካ፦* በቂ ጀልባ ከሌለ ቡድኑን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ ቅዳሜ፣ ግማሹ እሁድ። መጠባበቂያ ቀናችሁን ትከፍሉበታላችሁ፣ ግን ማንም ተጨናንቆ አይሄድም።

ደረጃ 3፦ አልጋና ምግብ

ባቱ አልጋ አይጠፋም፤ ለአንድ ቡድን በአንድ ሆቴል ማግኘት ግን ቀድሞ መያዝ ይፈልጋል። ሦስት ሌሊት ያዙ። አጎበር መኖሩን ጠይቁ፤ ስምጥ ሸለቆው ወባማ ነው። ኮስተሩ ግቢ ውስጥ የሚያድርበት ቦታ እንዳለም አረጋግጡ።

ስለ ምግብ ደግሞ የቅዳሜውን ምሳ ዓርብ ማታ እዘዙ። ከሐይቅ የወጣ 28 የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ወጥ ቤቱ ሁለት ሰዓት ያስጠብቃችኋል። ሥጋ ሲታዘዝ "የማን ቢላዋ ነው" የሚለው ጥያቄ የሚነሳበት ቡድን ዝዋይ ላይ ዕድለኛ ነው፤ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ገበታውን አንድ ያደርገዋል። ጾም ከሆነ ግን "ዓሣ ይበላል አይበላም" የሚለውን አስተባባሪው አይወስን፤ ሽሮ ጨምሮ ይዘዝ።

ደረጃ 4፦ መኪና

1. ኮስተር በኮንትራት ያዙ። ቅጥቅጥ ርካሽ ነው፤ ለ500 ኪሎ ሜትር ግን ወገብ ይቆርጣል፣ ሲደርሱም ሰው ሁሉ ተኮራርፎ ነው የሚወርደው።

2. ከመፈራረማችሁ በፊት ቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን፣ የሹፌሩን መንጃ ፈቃድና ደረጃውን እዩ። ፎቶ አንሱና ያዙ። የቡድን ጉዞ ስለሆነ የመውጫ ወረቀቱን ከትራንስፖርት ቢሮ የሚያወጣው ባለመኪናው መሆኑን በውሉ አስገቡ። ይህ ወረቀት ሳይኖር ኬላ ላይ የሚቆም መኪና ተሳፋሪውን ነው የሚቀጣው።

3. ጎማዎቹን ራሳችሁ እዩ፤ ትርፍ ጎማውንም። አቀበትና ቁልቁለቱ ግልገል ጊቤን አልፎ እስከ ጊቤ በረሃ ድረስ ስለሚቀጥል፣ ያለቀ ጎማና የደከመ ፍሬን ያለው መኪና ዋጋው በግማሽ ቢወርድም አትውሰዱት።

4. ውሉ ውስጥ እነዚህ ይኑሩ፦
 - ናፍጣ በማን ነው? በባለመኪናው ከሆነ ታንኩ ከመነሻው ቀን በፊት ሞልቶ ይደር። የናፍጣ ሰልፍ ውስጥ የምታሳልፉት ጠዋት የጀልባውን ቀን ይበላል።
 - የሹፌርና የረዳት አበል፣ አልጋና ምግብ በማን ነው?
 - የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ማን ይከፍላል?
 - መኪናው ከተበላሸ በስንት ሰዓት ውስጥ ምትክ ይመጣል? ካልመጣ ስንት ይመለሳል?
 - ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አይነዳም።

5. የመጨረሻውን ነጥብ ሹፌሩ ባለበት አንብቡለት። "ጫት ከያዝኩ ሌሊቱን ሙሉ እነዳለሁ" ብሎ የሚፎክር ሹፌር ካጋጠማችሁ፣ ሰውየው ሳይሆን መኪናው ይቀየር፤ ባለመኪናው እንዲህ ያለ ሰው ከላከ ሌላውም ነገሩ ያው ነው።

ደረጃ 5፦ ገንዘብ መሰብሰብ

አሁን ዋጋውን ታውቃላችሁ። ከዚህ በፊት ለሰው የተነገረ ዋጋ ግምት ስለሆነ በኋላ "ጨመራችሁብን" ያስብላል።

1. ደምሩ፦ ኮንትራት፣ ናፍጣ፣ አበል፣ የመንገድ ክፍያ፣ ጀልባ፣ አስጎብኚ፣ የቤተ ክርስቲያን መግቢያ ወይም ስጦታ፣ ሦስት ሌሊት አልጋ፣ ምግብ። በላዩ ላይ ከመቶ አሥር መጠባበቂያ ጨምሩ።

2. ድምሩን ለ28 ሳይሆን ለ24 አካፍሉት። አራት ሰው መቅረቱ አይቀርም። ካልቀረ ትርፉ ይመለሳል፤ ገንዘብ በመመለሱ የተጣላ ቡድን የለም።

3. ገንዘብ ያዡና አስተባባሪው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። እያንዳንዱ ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ፣ ደረሰኙ በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ።

4. ያልከፈለ ስሙ ዝርዝሩ ላይ አይጻፍ። "ስሜን ያዙልኝ" የሚለው ወንድምም ቢሆን፣ አጎትም ቢሆን።

5. የሚቀር ሰው ምትክ ካመጣ ሙሉ ይመለስለት። ካላመጣ የመኪናና የጀልባ ድርሻው አይመለስም። ይህን ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ተናገሩ።

ደረጃ 6፦ የሚያዝ ዕቃ

መታወቂያ፤ ያለ እሱ ማንም አይሳፈር። የስም ዝርዝሩ ከስልክ ቁጥርና ከአንድ የቤተሰብ ተጠሪ ጋር በሦስት ቅጂ፤ አንዱ ከአስተባባሪው፣ አንዱ ከረዳቱ፣ አንዱ ጅማ ከሚቀር ሰው ዘንድ። ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ሹራብ፤ ጠዋት ሐይቁ ላይ ይበርዳል። ስልክ የሚታሰርበት ፌስታል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር የሚጠጣ ውኃ። ነጠላ ወይም ሻሽ። ዝርዝር ብር፤ ደሴቱ ላይ ባንክ የለም፣ ኔትወርክም ያቆራርጣል፣ በቴሌብር እከፍላለሁ ማለት አይሠራም።

ቡና ደግሞ ማታውኑ አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ። የጅማ ሰው ቡና ሳይቀምስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀልባ ላይ አይወጣም፤ ጀበና ይቀጣጠል ከተባለ ደግሞ 3 ሰዓት ይሆናል።

ደረጃ 7፦ የመሄጃው ቀን

1. መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ለቡድኑ ግን "10 ሰዓት ተኩል መገናኛ" በሉ። አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ፤ አጂፕ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ መርካቶ እየዞረ የሚለቅም መኪና ጎሕ ሳይቀድ ከጅማ አይወጣም።

2. ዓርብ ሌሊት ከመነሳታችሁ በፊት፣ ሐሙስ ማታ መንገዱን አጣሩ። ከመናኸሪያ ሹፌሮችና በዚያ ቀን ከአዲስ አበባ ከገቡ ሰዎች ጠይቁ። ከአንድ ሰው በላይ "ቆዩ" ካላችሁ ቆዩ፤ ለባለ ጀልባውም ወዲያው ደውሉ።

3. የሚያስመልሳቸውን ከፊት አስቀምጡ። ፌስታል ከሰርቦ በፊት ይታደል። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሲሆን ዘግይቷል። ሌሊት ዘይት የበዛበት ምግብ አትብሉ፤ ስልክ ላይ የሚያፈጥጥ ሰው ቀና ብሎ ወደ ፊት ይይ።

4. ቁርስ ወልቂጤ፣ ከ45 ደቂቃ አይለፍ። ምሳና የጁምዓ ሶላት ሰበታ ወይም ዓለም ገና፤ ሰዓቱ እዚያ ላይ ይገጥማል። ሰጋጆቹ ይቅደሙ፣ ምግቡ እስኪመለሱ ይታዘዝ።

5. መሀል አዲስ አበባ አትግቡ። በጀሞና ለቡ አድርጋችሁ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ያዙ። "መርካቶ ብቻ ደርሼ አንድ ዕቃ" የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ አይሆንም ነው።

6. ባቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለባችሁ። እንደደረሳችሁ አስተባባሪውና አንድ ሰው ወደ ወደቡ ሄደው ባለ ጀልባውን በአካል ያግኙ። ሌላው ይረፍ።

*ካልተሳካ፦* ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ገና ቱሉ ዲምቱን ካላለፋችሁ ሞጆ ወይም ቢሾፍቱ እደሩ፤ ለባለ ጀልባው ደውላችሁ ጉዞውን ወደ እሁድ አዛውሩ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባቱ ደርሶ "አሁኑኑ እንሂድ" ማለት የከሰዓቱን ነፋስ መጋበዝ ነው።

ደረጃ 8፦ ሐይቁ ላይ

1. ወደቡ ላይ ጃኬት ሳይታሰር ማንም አይውጣ። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ጃኬቱን ከትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው፣ አጥብቁት ወይም ቀይሩት። "ዋና እችላለሁ" የሚል ሰውም ያስር።

2. ሰው ቁጠሩ። በጀልባው ስም ጻፉት። ስትመለሱም በዚያው ጀልባ፣ በዚያው ዝርዝር። መቀያየር የጀመረ ቡድን ደሴት ላይ ሰው ይረሳል።

3. ጀልባዎቹ እየተያዩ ይሂዱ። አንዱ ሲርቅ ሌላው ይጠብቅ።

4. ተቀምጣችሁ ቆዩ። የጀልባ አደጋ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ለፎቶ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ነው።

5. ጉማሬ ከታየ ባለ ጀልባውን "ቅረብልን" አትበሉት። ጉብኝቱን በርቀት ያድርግ። በደንገሉ ዳር የሚያድረውን እንስሳ ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቃል።

6. እጅና እግራችሁን ውኃው ውስጥ አታስገቡ፣ አትዋኙ። ዝዋይ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። በውኃው ዳር ካለ ቀንድ አውጣ የሚወጣው ተውሳክ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ጠጥቶ ብቻ አይደለም። ስትወርዱ በድንጋይ ወይም በመወጣጫ ላይ ውረዱ። ዳሩ ላይ መግባት ግድ ከሆነ ውኃ የማያስገባውን ጫማ ተጠቀሙ።

*ሞተር ከቆመ፦* ተቀመጡ፣ ሁለተኛውን ጀልባ ጥሩ፣ ባለ ጀልባውን አታጣድፉ።
*ማዕበል ከተነሳ፦* ዝቅ ብላችሁ ወደ መሀል ተጠጉ። ልመለስ ካለ ይመለስ። የተከፈለው ብር እዚህ ላይ አይነሳ።
*ጀልባ ከተገለበጠ፦* ጀልባውን ያዙ። ዳሩ የቀረበ ቢመስልም ለቃችሁ አትዋኙ፤ የሚፈልጋችሁ ሰው በቀላሉ የሚያየው ጀልባውን ነው።

ደረጃ 9፦ ደሴቱ ላይ

ቱሉ ጉዶ ሰው የሚኖርበት የዛይ ማኅበረሰብ መንደር ነው። እንግዳ ቤት እንደሚገባ ሰው ግቡ። ከሁሉ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ወይም የሚቀበላችሁን ሰው አግኙና ተነጋገሩ፦ ማን የት ድረስ ይገባል፣ ፎቶ የት ይፈቀዳል፣ የብራና መጻሕፍቱን ማየት ይቻላል ወይ፣ ምን ይከፈላል። ክፍያውን አስተባባሪው በአንድ ላይ ይስጥ፣ ደረሰኝ ይቀበል። እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ብር መዘርዘር ሲጀምር ሕፃናት ይከባሉ፣ ጉብኝቱም ይበላሻል።

ከቡድኑ ወደ ቤተ መቅደሱ መግባት የማይፈልግ ሰው ካለ፣ ከውጭ የሚጠብቅበት ጥላ ያለበት ቦታ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል፣ ቁምጣ አይሆንም።

ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፤ በረፋዱ ፀሐይ ይፈትናል። ውኃ ይያዝ። የመመለሻ ሰዓት 6 ሰዓት ብላችሁ ተናገሩ፣ ከሩብ ሰዓት በፊት አስታውሱ፣ በጀልባ ዝርዝሩ ጥሩ። የጎደለ ካለ አንድ ጀልባ ይጠብቅ፣ ሌሎቹ ይሂዱ።

ደረጃ 10፦ መጠባበቂያው ቀንና መመለሻ

ቅዳሜ ከተሳካ እሁድ ነጻ ናችሁ። ከባቱ በስተ ደቡብ በሀዋሳ መንገድ ላይ አብያታ ሻላ ፓርክ አለ። ኮስተሩን ወደ አብያታ ዳር አታስገቡት፤ የደረቀ የሚመስለው አፈር ከሥሩ ጭቃ ነው፣ ገብቶ ይሰምጣል። በእግር ሂዱ፣ የፓርኩን ጠባቂ ይዛችሁ።

ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። ወልቂጤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ እዚያው እደሩ፤ ቀሪው 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጅማ ሳትገቡ ሊመሽባችሁ ይችላል። ለዚህ ሌሊት የሚከፈለው ከመቶ አሥሩ መጠባበቂያ ነው።

ጅማ ከገባችሁ በሳምንት ውስጥ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ከደረሰኝ ጋር ይለጥፍ፣ ትርፉን ይመልስ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ያለው ሰው ሳይውል ሳያድር የወባ ምርመራ ያድርግ፤ ባቱ ሰንብቶ እንደነበር ለሐኪሙ ይናገር። ውኃው የነካው ደግሞ ምንም ባይሰማውም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ የሰገራ ምርመራ ያድርግ፤ ከዚያ ቀድሞ የተደረገ ምርመራ ላያሳይ ይችላል።